ጥይቱ ስለ ፈረሰ ቦክላው አይከሰስም፦ ስለ «ዱቄት ብረት» ለተሰራጨው ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ባለፉት ሳምንታት በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች፣ ቶርኖ ቤቶች (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን ያላቸው ቤቶች)ና የመለዋወጫ ሱቆች አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ርእሱ «ከዱቄት የተጋገረ ብረት አትመኑ» የሚል ነው። ለእኔ የላከልኝ ቀደም ሲል የቶርኖ ሥራ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የራሱን ቤት ከፍቶ የሚሠራ ወጣት ሲሆን፣ ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ ይህ እውነት ከሆነ እስከ ዛሬ ተሳስተናል ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። በማግስቱ ሥራ ቦታው ስደርስ ከሞተሪኖ (ከመኪና ሞተር ማስነሻ) የወጡ፣ አንዳች ጉዳት የሌለባቸው አራት ቦክላዎች፣ ማለትም ዘንግ ውስጣቸው የሚዞርባቸው ቀለበት መሰል ዕቃዎች፣ ከቶርኖው ፍቅፋቂ ጋር ተጥለው አገኘኋቸው። በቦታቸው የሚገቡ ከድፍን ነሐስ የተቆረጡ ሌሎች አራት ቦክላዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ጠረጴዛ ነው።

ከመመለሴ በፊት የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ማቅረብ ይገባኛል። ጸሐፊው የሚነሡት ከአንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ ከመዳብ ዱቄት የተሠራ የጥይት አረር የብረት ሰሌዳ ሲመታ ወደ ብናኝ ሲለወጥ ይታያል። ከዚህ በመነሣት ከዱቄት ታምቆ የተሠራ ማንኛውም ዕቃ «የተጣበቀ አቧራ እንጂ ብረት አይደለም» ይላሉ። ቀጥለውም እውነተኛ ብረት ቀልጦ የፈሰሰ ወይም በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብቻ እንደ ሆነ፣ የዱቄቱ አሠራር ግን ለድሃ አገር ገበያ በቅርቡ የተፈጠረ ማታለያ እንደ ሆነ ይገልጻሉ። በሦስተኛ ደረጃ በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኙት ረቂቅ ቀዳዳዎች የአሠራር ጉድለት ስለ ሆኑ፣ ከሞተሪኖ፣ ከቬንቲሌተርና ከልብስ ስፌት መኪና ውስጥ እየወጡ በድፍን ነሐስ እንዲተኩ ይመክራሉ። የሚያመሰግኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጥይት ውስጥ የእርሳሱን ቦታ የወሰደው የዱቄት እምብርት (የአረሩ ውስጠኛ ክፍል) ዓለምን ያለ አንዳች ጉዳት ከእርሳስ መርዝ እንደ ገላገለ ያምናሉ። በመጨረሻም አሠራሩ በክሪክና በዳቦ ምድጃ ሊከናወን እስከሚችል ድረስ ቀላል መሆኑ ዋጋ ቢስነቱን እንደሚያሳይ ጠቁመው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው በቅንነት እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። በየሱቁ የሚሸጠው ደረጃውን ያልጠበቀ መለዋወጫ ያስመረራቸው ሰው ናቸው፤ እኔንም አስመርሮኛል። ችግሩ የተሳሳተውን ተከሳሽ መያዛቸው ነው።

ከጥይቱ እንጀምር፤ የክርክሩ መሠረት እርሱ ነውና። በተንቀሳቃሽ ምስሉ ላይ የሚታየው አረር የፈረሰው ሠሪው ጠንካራ ማድረግ አቅቶት አይደለም፤ እንዲፈርስ ተብሎ የተሠራ ነው። በተለይ በቤት ውስጥ በሚገኝ የተኩስ ልምምድ ቦታ፣ ተኳሹ በቅርብ ርቀት የብረት ሰሌዳ ሲመታ ድፍን አረር ተመልሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የመዳብና የቲን ዱቄት ታምቆ፣ የቅንጣቶቹ ትስስር ሆን ተብሎ ተሰባሪ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ ማለት ሠሪው የትስስሩን ጥንካሬ መርጦ መወሰን ይችላል ማለት ነው። እንደ ሸክላ እንዲሰበር ማድረግ የቻለ፣ በሌላ ዱቄት፣ በሌላ ግፊትና በሌላ ሙቀት እንደ ተቀጠቀጠ ብረት እንዲጸና ማድረግ ይችላል። አንድ ሰው የመኪና መስታወት እንዲበተን ሆኖ ስለ ተሠራ «መስታወት ሁሉ የማይረባ ነው» ቢል እንደማንቀበለው ሁሉ፣ ይህንንም መቀበል አንችልም።

ከዚህም በላይ ያው የሚፈርሰው አረር ሰሌዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ምን እንደ ቻለ መመልከት ያስፈልጋል። ልባስ ያለው የጠመንጃ አረር በሁለት ክፍል የተሠራ ነው። ከላይ ያለው የመዳብ ቅይጥ ልባስ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ጥርስ ይዞ ይሽከረከራል፤ ውስጡ ያለው እምብርት ደግሞ ክብደቱን ይሰጣል። በሰከንድ 900 ሜትር የሚጓዝና በየ178 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጊዜ የሚዞር አረር፣ ጸሐፊው ራሳቸው ማካፈል ይችላሉ፣ በደቂቃ 300,000 ዙር ያህል ይሽከረከራል። የተጣበቀ አቧራ እንዲህ ያለውን ሽክርክሪት ችሎ አየር ላይ ሳይበተን፣ ሚዛኑንም ሳይስት ዒላማው ጋ ሊደርስ አይችልም። በልባሱ ውስጥ ያለው የዱቄት እምብርት ከአፍ እስከ ገደፉ አንድ ዓይነት እፍጋት (በአንድ መጠን ውስጥ ያለ ክብደት) ከሌለው አረሩ ይወላገዳል። ስለዚህ ጸሐፊው የልፍስፍስነት ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ዕቃ በእውነቱ የጥንቃቄ ሥራ ውጤት ነው።

አንድ ነገር ግን ላምናቸው እወዳለሁ። ከዱቄት የተሠራን ዕቃ በመዶሻ ቢመቱት ድምፁ እንደ ተቀጠቀጠ ብረት አይጮኽም፤ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል ብለዋል። እውነት ነው። በውስጡ ያሉት ክፍተቶች ንዝረቱን ይውጡታል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሞተር ብሎኮች የተሠሩበት፣ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው ግራጫ ብረትም ድምፁ እንደዚሁ የፈዘዘ ነው፤ በዚህ ምክንያት ማንም ሞተሩን ሲጥል አላየሁም።

«እውነተኛ ብረት የቀለጠ ብቻ ነው፤ የዱቄቱ ዘዴ የቅርብ ጊዜ ማታለያ ነው» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ፣ ከሁሉ ይልቅ የእኛን ሙያ ታሪክ የሚነካ ስለ ሆነ ጠለቅ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የአባቶቻችን የሸክላ ምድጃ፣ በወናፍም ቢነፋ፣ ብረቱን ወደዚያ ሙቀት አያደርሰውም ነበር። ከምድጃው የሚወጣው እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት፣ ከዝቃጭ ጋር የተቀላቀለ የብረት ጓል ነው፤ ቀጥቃጩ ደጋግሞ እያጋለ በመዶሻ ሲያጠብቀው ዝቃጩ ይወጣል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ቅንጣቶቹም ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በቋንቋችን «ብረት ማቅለጥ» ብንለውም፣ ቀልጦ የሚፈሰው ዝቃጩ እንጂ ብረቱ አልነበረም። የገበሬያችን ማረሻ ለዘመናት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊው ባወጡት መስፈርት ከሄድን፣ ይህን ሁሉ መሬት ያረሰው ማረሻ እውነተኛ ብረት አልነበረም ልንል ነው።

ዘመናዊው የዱቄት አሠራርም የትናንት ፈጠራ አይደለም። ፕላቲነም በ1,768 ዲግሪ የሚቀልጥ ስለ ሆነ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ ምድጃ አይበቃውም ነበር፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን ፕላቲነሙን በዱቄት መልክ አዘጋጅቶ፣ አምቆ፣ አግሎና ቀጥቅጦ የሚሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1828 ይፋ አድርጓል። ሩሲያም እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1845 ያወጣቻቸውን የፕላቲነም ሳንቲሞች ያዘጋጀችው ከዱቄት ነው። የተንግስተን ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ነው፤ ቀልጦ ቢገኝ እንኳ የሚይዘው ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ የተንግስተንን ዱቄት አምቆ፣ በሙቀት አያይዞ፣ በመቀጥቀጥና በመሳብ ከፀጉር የቀጠነ ክር አወጣበት። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ቤታችንን ያበራው ባለክር አምፖል ሲቃጠል የኖረው በዚያ ክር ነው። ይህ ለድሃ አገር የታሰበ ማታለያ ቢሆን ኖሮ ሀብታሞቹ አገሮች በቤታቸው አያበሩትም ነበር።

ነገር ግን ለቶርኖ ሠራተኛ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ በእጁ ያለው ነው። ብረት የምንቆርጥበት የካርባይድ ስለት የተሠራው ከተንግስተን ካርባይድና ከኮባልት ዱቄት ነው። ዱቄቱ ይታመቃል፤ ከዚያም 1,400 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ ኮባልቱ ቀልጦ የካርባይዱን ቅንጣቶች ያስራል፤ ካርባይዱ ራሱ ግን አይቀልጥም። ዘዴው ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 በካርል ሽሮተር ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው ሲሆን፣ ክሩፕ የተባለው ድርጅት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ «ዊዲያ» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ ስሙ በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ከሚለው ሐረግ የወጣ ነው። «ዱቄት ብረት ልፍስፍስ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ የሚስማማ ቶርነር ከሰዓት በኋላ የተቀጠቀጠውን ብረት የሚልጠው በዱቄት ብረት ነው። የትኛው የትኛውን እንደሚቆርጥ በየቀኑ እያየ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ከመኪናም ምሳሌ ልጨምር። በሞተር ውስጥ እንደ ቢዬላ (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ያለ የሚሠቃይ ዕቃ ጥቂት ነው፤ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጎተታል፣ ይጫናል። ፎርድን የመሳሰሉ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቢዬላ ከዱቄት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ዱቄቱን አምቀው፣ በሙቀት ካያያዙ በኋላ ገና ግሎ ሳለ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንደገና በመምታት ክፍተቱን ከሞላ ጎደል ይዘጉታል። የብዙ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ ጥርሶችም ከዱቄት የተሠሩ ናቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ በፈጣን ባቡሮችና በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሙቀት እንዲችል የሚመረጠው የፍሬን ሸራ ከብረት ዱቄት ታምቆ የተሠራው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት እንደያዙ መሸሸግ አልፈልግም። ድፍን ብረት በሴንቲ ሜትር ኪዩብ 7.87 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ታምቆ በሙቀት የተያያዘ የብረት ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ ከ6.4 እስከ 7.2 ግራም ባለው ውስጥ ይውላል። እፍጋቱ በቀነሰ መጠን ድንገተኛ ምትን የመቋቋም አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል፤ በተደጋጋሚ ጫና የመሰንጠቅ አደጋውም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው የከባድ መኪና መጎተቻ መንጠቆ እንዲህ ካለ ዕቃ ቢሠራ ጥፋት ነው። እንዲሁም ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ስለሚቀመጥ፣ ከዱቄት የተሠራ ዕቃ ሲሰበር በብየዳ ልጠግነው ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ በዚህም ልክ ናቸው። ይህ ሁሉ ግን «ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው እፍጋት?» የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ጠቅላላውን አሠራር አያስወግዝም። እርካሽነቱም ቢሆን ከጥራት መጉደል ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከድፍን ዘንግ ቦክላ ስንቆርጥ ከብረቱ ብዙው ወደ ፍቅፋቂ ይሄዳል፤ በዱቄቱ አሠራር ግን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ዕቃው ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ወደ ቦክላው ልምጣ። «ቀዳዳው ጉድለት ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በከተማችን ገንዘብና ሞተር እያስከፈለ ስለ ሆነ፣ ቀዳዳው ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ መናገር አለብኝ።

በሞተሪኖ፣ በቬንቲሌተርና በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ ያለው ቦክላ አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ቲን ከሆነ ዱቄት የተሠራ ነው። ዱቄቱ ታምቆ ከ800 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት ሲያዝ ቲኑ ቀድሞ ይቀልጥና ወደ መዳቡ ይገባል፤ የነበረበት ቦታም ክፍት ይቀራል። በዚህ መንገድ ከቦክላው መጠን አምስተኛው ወይም ሩቡ ያህል እርስ በርሱ የተገናኘ ረቂቅ ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያም አየሩ በቫኪዩም ተስቦ ይወጣና ቀዳዳው በዘይት ይሞላል። ዘንጉ ሲዞር ቦክላው ይሞቃል፤ ዘይት ከብረት ይልቅ በሙቀት ስለሚለጠጥ ከቀዳዳው ወጥቶ ዘንጉን ያለብሰዋል፤ የዘንጉም መዞር ዘይቱን ይስበዋል። ሞተሩ ሲቆምና ሲቀዘቅዝ፣ ክር ላምባ እንደሚስበው፣ ረቂቁ ቀዳዳ ዘይቱን መልሶ ይጠጣዋል። በዓመታት ውስጥ ማንም ዘይት ሳያጠጣው የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቀዳዳው የዘይት ጎተራ ነው፤ ጎተራን «ውስጡ ባዶ ነው» ብሎ መክሰስ አይቻልም።

ጸሐፊው የሚመክሩት ድፍን ነሐስ ከዚህ አንጻር ምን ያደርጋል? ድፍን ነሐስ መጥፎ ብረት አይደለም፤ ከውጭ ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ ከዱቄቱ ቦክላ የበለጠ ጭነት ይችላል። ለከባድ መኪና፣ ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝና ድንገተኛ ምት ለሚበዛበት ቦታ፣ የግራሶ መስጫ እስካለው ድረስ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። ነገር ግን የሞተሪኖው ወይም የቬንቲሌተሩ አቃፊ የግራሶ መስጫ የለውም፤ የዘይት ቀዳዳም የለውም፤ የተነደፈው ቦክላው ዘይቱን ይዞት እንዲመጣ ነው። ድፍን ነሐስ እዚያ ሲገባ በሚገጠምበት ዕለት የተቀባውን ዘይት ብቻ ይዞ ይኖራል። ያ ሲደርቅ ነሐሱ ከዘንጉ ጋር ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ዘንጉን ይቧጥጣል፤ በመጨረሻም ይነክሰዋል። ባለቤቱ የሚያየው በመጀመሪያው ወር «ጠንካራ ነሐስ» ተብሎ የተገጠመለት ሞተር ጥሩ ሲሠራ ነው፤ ሲነክስ ደግሞ ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ያደርጋል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ ማሽን ሞተር የወጣ ቦክላ ቆሽሾ ስላየሁት በቤንዚን አጠብኩት፣ በንፋስ አደረቅኩት፣ አብለጭልጬም መለስኩት። በቤንዚን ያጠብኩት ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ዘይቱን ጭምር እንደ ነበር አላወቅኩም። ሞተሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተጣብቆ ቆመ፤ እናቲቱ የበዓል ሥራቸው ላይ እያሉ ነበር። ዘንጉን በራሴ ወጪ ሠርቼ ሰጠኋቸው፤ ልብሳቸውን ግን በሰዓቱ ማድረስ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ሁለት ነገር ያስተማሩኝ። አንደኛ፣ ቦክላውን በእጅ ሊያዝ በሚችል መጠን ለብ ስታደርገው ላብ እንደሚያወጣ ሰው የዘይት ነጠብጣብ ካወጣ ገና ሕይወት አለው፤ ካላወጣ ደርቋል። ሁለተኛ፣ የደረቀውን ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ አጥልቆ፣ ዘይቱን በፈላ ውሃ ላይ አሙቆ፣ እዚያው እንዲቀዘቅዝ ከተዉት አብዛኛውን መልሶ ይጠጣል።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ያረጋገጥኳቸውንና ለሠልጣኞቼ የምነግራቸውን ሌሎች ሁለት ነገሮች ልጨምር። የዱቄት ቦክላን ውስጠኛ ክፍል በደነዘ ስለት መቁረጥ አይገባም፤ ስለቱ ብረቱን እየለቀለቀ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ መቁረጥ ግድ ከሆነ ስለቱ የተሳለ፣ የሚወስደውም ጥቂት መሆን አለበት። እንዲሁም ግራሶ አይቀባም፤ ግራሶው ቀዳዳውን ይዘጋና ውስጥ ያለው ዘይት መውጫ ያጣል። የወጣቱ አራት ቦክላዎች በዚያ ቀን ለብ ሲደረጉ አራቱም ዘይት አወጡ።

ስለ እርሳስ የተጻፈው ክፍል በአንድ በኩል ልክ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስታውቃል፤ በተዘጋ የልምምድ ቦታ የሚተኩስ ሰውም ከአረሩም ከካፕሱሉም (ባሩዱን ከሚያቀጣጥለው የጥይቱ ክፍል) የሚወጣውን የእርሳስ ብናኝ ይተነፍሳል። ነገር ግን «የዱቄት እምብርት የመጣው ለጤና ተብሎ ነው፤ ጉዳትም የለውም» የሚለው በታሪክም በውጤትም አይጸናም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ከብረት ዱቄት ታምቀው የተሠሩ የሽጉጥ አረሮችን ስታመርት ያስገደዳት የእርሳስ እጥረት እንጂ የጤና ሐሳብ አልነበረም። እርሳስ በሴንቲ ሜትር ኪዩብ 11.34 ግራም ሲመዝን ብረት 7.87፣ መዳብ 8.96 ብቻ ነው፤ በአንድ መጠን ቀለል ያለ አረር ይወጣቸዋል፤ ቀላል አረር ደግሞ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። ኋላ ነዳፊዎች ፊታቸውን ወደ ተንግስተን ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። 19.25 ግራም የሚመዝነው የተንግስተን ዱቄት ከቀላል ማያያዣ ጋር ሲቀላቀል የእርሳስን እፍጋት መምሰል ይችላል፤ ሁለት ብረት አቅልጦ ማዋሐድ በማይቻልበት ቦታ ዱቄት መቀላቀል የሚሰጠው ነጻነት እዚህ ላይ ይታያል።

ውጤቱ ግን ጸሐፊው እንደሚሉት ያለ ጉዳት አልነበረም። የአሜሪካ ጦር ከእርሳስ ለመላቀቅ የተንግስተንና የናይሎን እምብርት ያለው አረር አሠርቶ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ካምፕ ኤድዋርድስ በተባለው ቦታ ለልምምድ አዋለው፤ ተንግስተን በአፈር ውስጥ የማይሟሟ፣ ባለበት የሚቀመጥ ብረት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በአፈርና በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተገኘ፤ የአካባቢው ሰው የሚጠጣው ያንኑ የከርሰ ምድር ውሃ ስለ ሆነ አጠቃቀሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ ወታደራዊ ተመራማሪዎች የተንግስተን፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ እንክብል ጡንቻቸው ውስጥ የተቀበረባቸው አይጦች ኃይለኛ ዕጢ እንዳበቀሉ አሳትመዋል። ይህ ቅይጥ ከናይሎኑ አረር ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት ተገቢ አይሆንም። ቢሆንም «እርሳስ ስለሌለው ንጹሕ ነው» የሚለው አነጋገር ምን ያህል ችኩል እንደ ሆነ ያሳያል። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ማሠራጨት የጀመረው አዲሱ አረር በእርሳሱ ፈንታ የያዘው የዱቄት ተንግስተን ሳይሆን ድፍን መዳብና ብረት ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ጸሐፊው ዱቄት ብረትን ያለ ማስረጃ ያወገዙትን ያህል እዚህ ላይ ያለ ማስረጃ አመስግነውታል።

የቀረው የክሪኩና የዳቦ ምድጃው ነገር ነው። ስለ ክሪኩ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ልክ ናቸው። ውስጡ 12፣ ውጩ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦክላ የሚታመቅበት ስፋት 1.4 ሴንቲ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ለነሐስ ዱቄት በሴንቲ ሜትር ካሬ ከ2 እስከ 4 ቶን ቢፈለግ፣ ጠቅላላው ከ3 እስከ 6 ቶን ይሆናል፤ ይህን ግፊት በማንኛውም ጋራዥ የሚገኝ ክሪክ ይሰጣል። ቀሪው ሁሉ ግን አይቀልም። ዱቄት እንደ ውሃ ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አያስተላልፍም፤ ከቅርጽ ማውጫው ግድግዳ ጋር ስለሚፋተግ፣ ከላይ ብቻ በክሪክ የተጫነ ረዥም ቦክላ አናቱ ጥብቅ፣ ታችኛው ጫፉ ልል ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ከላይም ከታችም የሚያምቁት፣ ርዝመቱንም የሚገድቡት። የዳቦ ምድጃ ደግሞ 300 ዲግሪ አካባቢ ቢደርስ ነው፤ ቲን በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከዕቃው ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል፤ መዳቡ ግን እርስ በርሱ አይያያዝም። ብረት ከሆነ የተለመደው ሙቀት 1,120 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያውም አየር በሌለበት፣ ሃይድሮጅን ወይም ናይትሮጅን በሚነፍስበት ምድጃ ውስጥ፤ አለዚያ ዱቄቱ ከመያያዙ በፊት ይዝጋል። ሃይድሮጅን የሚፈነዳ ጋዝ ነው፤ እንደ አሉሚኒየም ያለው ረቂቅ የብረት ዱቄትም አየር ላይ ሲበተን ይፈነዳል። ወጣቶቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው በጓሮ ቤት ውስጥ ዱቄት መፍጨት እንዳይጀምሩ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከዚህ ይልቅ በአቅራቢያችን ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ከገበያ የሚገዙትን ቦክላ በአየርና በውሃ ውስጥ በመመዘን እፍጋቱን ማወቅ ይችላሉ፤ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። የዘይት ይዘቱንም ከመታጠቡ በፊትና በኋላ መዝነው ያገኙታል። የትኛው ሱቅ የያዘው ቦክላ ቀዳዳው በቂ እንደ ሆነ፣ የትኛው ደግሞ ያለ ዘይት ደርቆ እንደሚሸጥ ቁጥር ይዘን ብንነጋገር፣ ጸሐፊውን ያስቆጣቸው የተጭበረበረ መለዋወጫ የሚጋለጠው በዚያ መንገድ ነው። በዚህ ሥራ እርሳቸውም ቢተባበሩን በደስታ እቀበላቸዋለሁ፤ ለጥራት ያላቸው ቁጭት ከእኔ አያንስም።

እስከዚያው ድረስ ግን ከጽሑፋቸው ውስጥ አንዲት አንቀጽ፣ ከሞተሪኖና ከስፌት መኪና የዱቄት ቦክላ እያወጣችሁ በድፍን ነሐስ ተኩ የምትለዋን፣ እንዲያነሡልን በአክብሮት እለምናለሁ። ጽሑፉን ያነበቡ ባለሙያዎች ደግሞ አውጥተው የጣሉት ቦክላ ካለ ከፍቅፋቂው ውስጥ ይፈልጉት፤ በእጃቸው ለብ ያድርጉትና ዘይት ያወጣ እንደ ሆነ ይመልከቱ።